ቤት ሲታነጽ ጉርብትናም አብሮ ይታነጻል

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለአንባብያን እንዲስማማ ተደርጎ የተሰናዳ)



 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የዛሬው ርእሳችን ከዚህ ዝግጅት የለመዳችሁት ዓይነት ላይሆን ይችላል። ስለ ሕንፃ እንነጋገራለን። «ሸኽ ከመቼ ወዲህ ግንበኛ ሆኑ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገሩ ግን በአንዲት እናት በኩል ነው ወደ እኔ የመጣው፤ መጀመሪያ እሱን ላውጋችሁ።

ከጀማዐችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አሉ። ሠላሳ ዓመት ከኖሩበት፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ የቡና ረከቦት ከሚተዳደርበት ሰፈር ተነሥተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃውም መጸዳጃውም ውስጥ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ብለው ነበር የገቡት። አንድ ጊዜ ግን ታመሙ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋ ሳይነሡ፣ በራቸውን ያንኳኳ ሰው ሳይኖር ቆዩ። ያገኘቻቸው ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጃቸው ናት። ልጠይቃቸው ስሄድ ጎረቤቶቻቸውን የምወቅስ መስሏቸው ቀደሙኝ፤ «ሸኽ፣ ጎረቤቶቼ ክፉ ሆነው እንዳይመስልዎ። እኛን ያራራቀን ደረጃው ነው» አሉ።

ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ደረጃ ሰውን ያራርቃል? ሲሚንቶና ብረት ዝምድናን ይቆርጣል? ከጀማዐችን አንድ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ወንድም አለ፤ እሱን ጠየቅሁት። «እማማ ልክ ናቸው» አለኝ። «ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው። ሰው የሚቆምበት ቦታ ስለሌለው ሁሉም ቶሎ አልፎ በሩን ይዘጋል። ሰው ካልቆመ ሰላምታው አይረዝምም፤ ሰላምታው ካልረዘመ ደግሞ ማን እንደታመመ አይታወቅም።» ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ማንበብና መጠየቅ ያዝኩ። ያገኘሁትን ለናንተ ለማካፈል ነው የዛሬው ንግግሬ፤ ኢንሻአላህ።

ሁለቱ ጥያቄዎች

ጥሩ አርክቴክት እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው፣ በዚህ ቦታ ፀሐይ ከየት ትወጣለች? ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ዝናቡስ ወዴት ይፈስሳል? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እዚህ የሚኖሩ ሰዎች የት ይገናኛሉ? የትስ ብቻቸውን ይሆናሉ? የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ከተፈጥሮ ጋር፣ ሁለተኛው ሰውን ከሰው ጋር ያገናኛል። ሁለቱን ያልጠየቀ ሕንፃ ምንም ያህል ቢያምር ነዋሪውን እስረኛ ያደርገዋል። ቀን በመብራት፣ ሌሊት በማራገቢያ፣ ሁልጊዜም በብቸኝነት።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ብንጀምር፣ መዲና ላይ የተሠራው በዚያው ምድር በሚገኝ ነገር ነበር። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ። መካከሉ ለሰማይ ክፍት ነበር። በአንድ ወገን ደግሞ ሱፋ የሚባል ጥላ ያለው ስፍራ ነበረው፤ ቤት የሌላቸው ድሆች ያድሩበት፣ ይማሩበት ነበር። ብርሃን፣ ጥላና የእንግዳ ማረፊያ በአንድ ግቢ ውስጥ ተገኙ ማለት ነው።

ሐረር፦ ግንቡም ያገናኛል

አገራችን ውስጥ ይህን ጥበብ ለማየት የሚሻ ሰው ሐረር ይሂድ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት የጁገል ግንብ በውስጡ 82 መስጂዶችን ይዟል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ሰማንያ ሁለት መስጂድ በዚያች ጠባብ ስፍራ መኖሩ ምን ማለት ነው? እያንዳንዱ ሰፈር በጥቂት እርምጃ የሚደርስበት መስጂድ አለው ማለት ነው። ሽማግሌው በምርኩዝ ይደርሳል፤ ሕፃኑ ብቻውን ይደርሳል። ለሱብሒ ያልታየ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ይጠየቃል።

የጌይ ጋርን፣ ማለትም የሐረሪን ቤት አሠራር ተመልከቱ። ከጠባቡ መንገድ በአንድ በር ወደ ግቢ ይገባል። በግቢው ዙሪያ ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች የሚኖሩባቸው ቤቶች አሉ። ቤቶቹ ፊታቸውን ለመንገዱ ሳይሆን ለግቢው ይሰጣሉ። ግድግዳው ከአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ወፍራም ነው፤ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፣ የሌሊቱንም ቅዝቃዜ እንዲሁ። ከላይ የሚቀባው ኖራ ፀሐይን ይመልሳል። ውስጡ ስትገቡ ዋናው ክፍል በተለያየ ከፍታ የተሠሩ ነደባ የሚባሉ መቀመጫዎች አሉት። እያንዳንዱ ነደባ የራሱ ስምና የራሱ ባለቤት አለው። ለቤቱ አባወራና ለታላላቆች፣ ለእንግዶች፣ ለወጣቶች የሚሆነው ስፍራ ተለይቶ ታንጿል። ወንበር ሳይደረደር፣ «እዚህ ተቀመጥ» ሳይባል፣ ቤቱ ራሱ አክብሮትን ያስተምራል።

ልብ በሉ፤ ግቢው የጋራ ነው፣ ግን መንገደኛ አያየውም። ሴቶቹ በነፃነት ይሠሩበታል፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ የታመመ ሰው ፀሐይ ይሞቅበታል። ከቤት ወደ መንገድ ባንድ ጊዜ አይወጣም፤ መካከል ላይ የግቢው ሕይወት አለ። አርክቴክቶች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩት ትልቅ ትምህርት ይኸው ነው። ሰው ሙሉ በሙሉ የግል ከሆነ ቦታ ሙሉ በሙሉ የሕዝብ ወደሆነ ቦታ ድንገት መወርወር የለበትም። በመካከላቸው ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር ብቻ የሚካፈለው ቦታ ያስፈልገዋል። የእማማ ደረጃ ያጣው ይህንን ነው።

ግቢ እንዴት ያቀዘቅዛል?

በካይሮ፣ በደማስቆ፣ በፌዝና በሌሎችም ጥንታዊ ከተሞች ያሉ ቤቶችም ግቢያቸውን መካከል ላይ ያደርጋሉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ግቢው ወርዶ ይተኛል፤ በዙሪያው ያሉት ክፍሎችም ከሱ ይቀዘቅዛሉ። ጠዋት ግድግዳዎቹ ጥላቸውን ስለሚጥሉበት ቅዝቃዜው ቶሎ አይጠፋም። ዛፍና የውሃ ገንዳ ከተጨመረበት ደግሞ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእንስራ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ነገሩ ያው ነው።

መሽረቢያ የሚባለውን የእንጨት መስኮትም ብዙዎቻችሁ በሥዕል አይታችሁት ይሆናል። በትናንሽ የተጠረቡ እንጨቶች የተጠላለፈ ነው። ፀሐይን ይሰብራል፣ ነፋስን ያሳልፋል፣ ውስጥ ያለው ሰው ውጭውን ያያል፣ የውጭው ግን ውስጡን አያይም። የውሃ ማሰሮ ስለሚቀመጥበት ስሙም ከመጠጥ ጋር እንደሚያያዝ ይነገራል። እንግዲህ አንድ መስኮት ብቻውን የብርሃንን፣ የአየርን፣ የውሃንና የሐያእን ጉዳይ ፈታ። ዛሬ እኛ ሙሉ መስታወት እናስገባና፣ ፀሐዩ ሲያቃጥለን መጋረጃ እንሰቅላለን፤ ከዚያ ጨለማ ሲሆንብን ቀን በቀን መብራት እናበራለን።

የጎረቤት ሐቅ በግንብ ላይ

ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ሐቅ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሣ ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ እንደደረሱ በሐዲስ የታወቀ ነው። የጥንት ዑለማእ ይህን በምክር ብቻ አልተዉትም፤ ወደ ግንባታ ሕግ ለወጡት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቱኒስ ውስጥ የኖረ ኢብኑ አር-ራሚ የተባለ ግንበኛ ነበር። ቃዲዎች የግንባታ ክርክር ሲመጣባቸው ቦታው ድረስ የሚልኩት ባለሙያ ነው። በማሊኪ መዝሀብ ስለ ግንባታ የተሰጡትን ብይኖች ሰብስቦ መጽሐፍ አዘጋጅቷል።

የሚያነሣቸው ጉዳዮች ዛሬም የኛው ናቸው። አዲስ የከፈትከው መስኮት የጎረቤትህን ቤት ውስጥ የሚያሳይ ከሆነ ምን ይደረጋል? የዳቦ ቤትህ ጭስ ጎረቤትህን ቢጎዳስ? የወፍጮህ ንዝረት ግድግዳውን ቢያነቃንቅ? የጣሪያህ ውሃ ወደሱ ቢወርድ? በርህን ልክ በሱ በር ትይዩ መክፈት ትችላለህ? የብይኖቹ መሠረት፣ ሰው በንብረቱ ያሻውን የማድረግ መብት ቢኖረውም ሌላውን መጉዳት ግን የለበትም የሚለው መርሕ ነው። ዛሬ አርክቴክት «የአካባቢ ተጽዕኖ» የሚለውን፣ ያ ግንበኛ በጎረቤት ሐቅ ስም ያውቀው ነበር።

የቆርቆሮን ሙቀት ያሸነፈው ትምህርት ቤት

«ይህ ሁሉ የጥንት ነው፣ ዛሬ ብረትና ቆርቆሮ ነው ያለን» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ወደ ቡርኪና ፋሶ እንሂድ። ጋንዶ የምትባል መንደር አለች። የመንደሯ አለቃ ልጅ የሆነው ፍራንሲስ ኬሬ በሰባት ዓመቱ ለትምህርት ከቤት ወጣ፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት አልነበረምና። የተማረባቸው ክፍሎች ጨለማና ምድጃ ነበሩ። በኋላ ጀርመን አገር ሥነ ሕንፃ ሲያጠና ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ አሰባሰበ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ከተቀላቀለበት የዚያው አገር አፈር በተሠራ ጡብ ነው። ቆርቆሮው በክፍሉ ላይ በቀጥታ አልተከደነም። መጀመሪያ በጡብ የተሠራ ኮርኒስ፣ ቀዳዳ ያለው፣ ተደረገ። ቆርቆሮው ከሱ በላይ በቀጭን ብረት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ወጣ ብሎ ተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር በቀዳዳዎቹ ይወጣል፤ በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል የሚያልፈው ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ በመስኮቱ ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ማራገቢያ የለም። ወጣ ያለው ቆርቆሮ ግድግዳውን ከዝናብና ከፀሐይ ይጠብቃል።

ከዚህ የበለጠው ግን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። ወንዶቹ ጡብ አመረቱ፣ ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ ወለሉንም ደቀደቁ፣ ሕፃናት ድንጋይ ተሸከሙ። የመንደሩ ሰው ሙያ ተማረበት። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ታላላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን ፕሪትዝከርን ተሸለመ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ታላቅ ሽልማት የተገኘው በሰማይ ጠቀስ ፎቅ ሳይሆን በአፈርና በደቦ በተጀመረ ሥራ መሆኑን እናስተውል።

ጉልላት የሌለው መስጂድ

ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ላምጣላችሁ። አንዲት አያት ከመሬታቸው ላይ ለመስጂድ ሰጡ፤ ንድፉን እንድትሠራ ደግሞ አርክቴክት የሆነችውን የልጅ ልጃቸውን ማሪና ታባሱምን ኃላፊ አደረጉ። አያትየው ፍጻሜውን ሳያዩ አላህ ወሰዳቸው። የልጅ ልጃቸው ግን ገንዘብ እያሰባሰበች፣ ሥራውን እየተከታተለች እ.ኤ.አ. በ2012 አደረሰችው። ባይቱር ረኡፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአጋ ኻንን ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው።

ሰፈሩ የተጨናነቀ፣ ገንዘቡም ጥቂት ነበር። ስለዚህ መስጂዱ ጉልላትም ሚናራም የለውም። ያለው ቀይ ጡብ ነው። ጡቦቹ በየመሀሉ ክፍተት እየተተወ ስለተደረደሩ ግድግዳው ይተነፍሳል፤ አየር ያስገባል። ለሰማይ ክፍት የሆኑ ስፍራዎች ብርሃንና ነፋስ ያወርዳሉ። የሰላቱ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቀን ላይ ብርሃኑ እንደ ከዋክብት ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ሰጋጁ ዝሁርና ዐስር መካከል ያለውን የፀሐይ ጉዞ በዓይኑ ያያል። የሰላታችን ወቅቶች በፀሐይ የተወሰኑ መሆናቸውን ስናስብ፣ ሰጋጅን ከፀሐይ የሚያገናኝ መስጂድ ምንኛ ተገቢ ነው!

ዙሪያውን ከመንገዱ ከፍ ያለ መደብ አለው። አካባቢው ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ መደቡ መስጂዱን ከጎርፍ ይጠብቃል። ግን በሰላት ወቅት መካከል በዚያ መደብ ላይ ሕፃናት ይጫወታሉ፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ሰፈሩ ይገናኛል። አንድ መደብ ለጎርፍም ለጉርብትናም ዋለ።

በአውሮፓ ካየናችሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ማዕከላዊ መስጂድ ሌላው መንገድ ነው። ከመንገዱ ቀጥሎ የምታገኙት የአትክልት ስፍራ ነው፤ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሙስሊም ላልሆነውም ክፍት ነው። ከዚያ በረንዳ፣ ከዚያ መግቢያ አዳራሽ፣ በመጨረሻም የሰላቱ አዳራሽ። ምሰሶዎቹ ከእንጨት ተሠርተው ላያቸው ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጠላለፋሉ፤ በመካከላቸው ከጣሪያው ብርሃን ይወርዳል። የዝናቡ ውሃ ተጠራቅሞ ለአትክልትና ለመጸዳጃ ይውላል። ጎረቤቱ ስለ ሙስሊሞች ከሚሰማው ወሬ ይልቅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየውን ያምናል።

የጥሩ ሰው ስሕተት

ወገኖቼ፣ ጥሩ ዕቅድ ሁሉ ይሳካል ብዬ እንዳላታልላችሁ፣ የሐሰን ፈትሒንም ታሪክ መስማት አለባችሁ። ሐሰን ፈትሒ ግብፃዊ አርክቴክት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1989 ኖሯል። ሰው ሁሉ ወደ ሲሚንቶ ሲሮጥ እሱ የድሃው ቤት በጭቃ ጡብ ሊሠራ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ኑቢያውያን ግንበኞች ያለ እንጨት ድጋፍ ቅስት ጣሪያ የሚሠሩበትን የጥንት ዘዴ አግኝቶ ለዓለም አስተዋወቀ።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የግብፅ መንግሥት ሉክሶር አጠገብ በፈርዖኖች ዘመን መቃብሮች ላይ የሰፈሩትን የጉርና መንደር ሰዎች ሊያነሣ ፈለገ፤ አዲሱን መንደር እንዲሠራ ለፈትሒ ተሰጠው። መስጂድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቲያትር፣ ለጥቂት ቤተሰቦች የጋራ የሆነ አደባባይ ሁሉ አሰበ። መንደሩ ያምር ነበር። ግን አልተፈጸመም፤ ብዙዎቹ ሰዎች አንገባም አሉ። ለምን? መተዳደሪያቸው በጥንቱ ቦታ ላይ ነበር፤ ተነሡ ያላቸው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጉልላት ያለው ጣሪያም ለነሱ የመቃብር ምልክት እንደነበር ይነገራል። ፈትሒ ሰው የሚኖርበትን ቤት ከሚኖርበት ሰው ጋር ሆኖ መንደፍ እንደሚገባ ያምን ነበር፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ፣ «መሄድ ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚለው፣ ከሱ በፊት ያለ እነሱ ተወስኖ ነበር።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሹራ ጉዳይ የሚመለከተው አስተዳደርን ብቻ አይደለም፤ የቤትንም ነው። ሳይጠየቅ የተሠራለት ሰው ቤት ተሰጠው እንጂ ቤት አልሠራም።

የኛው መስጂድ ዛፍ

ይህን ስናገር ሌላውን ብቻ የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት እኔም አባል የነበርኩበት አንድ የመስጂድ ኮሚቴ ግቢውን «ለማሳመር» ተነሣ። ግቢው መካከል አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ቅጠሉ ያቆሽሻል፣ ለጁሙዐ ቦታ ይይዛል ተባለ፤ ተቆረጠ። መሬቱ በሙሉ ሴራሚክ ተነጠፈ። እጄን ካነሡት አንዱ እኔ ነኝ።

የሆነው ምንድን ነው? ዝሁር ላይ ሴራሚኩ እግር ያቃጥላል። ዝናብ ሲመጣ ድሮ መሬቱ ይጠጣው የነበረው ውሃ ወደ ጎረቤት አጥር መፍሰስ ጀመረ። ከሁሉም የከፋው ግን ከዐስር እስከ መግሪብ በዛፉ ሥር ይቀመጡ የነበሩት ሽማግሌዎች ጠፉ። እነሱ ሲጠፉ፣ ወጣቶች ክርክራቸውን ይዘው የሚመጡበት ሸንጎ ጠፋ። ባልና ሚስት የሚታረቁት እዚያ ነበር፤ ዕዳ የሚሸመገለው እዚያ ነበር። አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ዛፉን ሳይሆን ዳኛችንን ነው የቆረጣችሁት» ብለውናል። ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የሚጠቀምበትን ዛፍ የተከለ ሶደቃ እንደሚጻፍለት ሰዎችን የማስተምር እኔ፣ የተተከለውን ለማስቆረጥ እጄን አነሣሁ። አላህ ይማረን። በኋላ ከሴራሚኩ ከፊሉን አንሥተን ሁለት ችግኝ ተክለናል። ጥላ ለመሆን ገና ዓመታት ይቀራቸዋል። ለመቁረጥ ግን ግማሽ ቀን ነበር የፈጀብን።

እኛስ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከግንበኛው ጋር ስለ ሴራሚክ ቀለም ከመነጋገራችሁ በፊት ቦታችሁ ላይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቁሙ። በአገራችን ፀሐይ ብዙውን ጊዜ ከአናት በላይ ታልፋለች፤ በጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ዝቅ ብላ ትገባለች። በደጋ ከሆናችሁ የጠዋቷ ፀሐይ ወደ መኝታችሁ ብትገባ ጸጋ ናት። በቆላ ከሆናችሁ ደግሞ በምዕራብ በኩል ትልቅ መስኮት አታብዙ። በሁለት ተቃራኒ ግድግዳ ላይ መስኮት ይኑር፤ አየር የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ያስፈልገዋልና። ቆርቆሮ ከሆነ ከኮርኒሱ በላይ አየር ማለፊያ ተዉለት። ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ ለዝናቡና ለአንድ ዛፍ የሚሆን አፈር አስቀሩ። መስኮታችሁም የጎረቤትን ጓዳ እንዳያይ አስተውሉ።

የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ! ከሚናራው ርዝመት በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ። የሴቶች ቦታ ብርሃንና አየር አለው ወይስ ከደረጃ ሥር የተረፈ ጥግ ነው? በምርኩዝ የሚሄድ አባት ያለ ረዳት ይገባል? የውዱእ ውሃ ለአትክልት ሊውል አይችልም? ከሰላት በኋላ ሰው ሊቀመጥበት የሚችል ጥላ አለ? ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ጎረቤቶችን ጠይቁ፤ ከዚያ አርክቴክቱ ይሥራ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ፣ ግድግዳውን ማፍረስ አትችሉም፤ ነገር ግን ብዙ ነገር በእጃችሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአዲስ አበባ የተሠሩት የጋራ መኖሪያዎች ሲነደፉ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ታስቦላቸዋል። ይህ ያገራችን አርክቴክቶች አኗኗራችንን አስበው ያስቀመጡት ስፍራ ነው። ዕቃ ማጎሪያ ሆኖ እንደሆነ ለሕዝቡ መልሱት። በየደረጃው መድረክ ላይ አምፖል አብሩ፤ ቦታ ካለ መተላለፊያ ሳትዘጉ አንድ አግዳሚና አንድ ጣሳ አበባ አኑሩ። በሳምንት አንድ ቀን ቡናው ወደ ግቢ ይውረድ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ነው፤ ሐቁም ሐቅ ነው።

በእማማ ሕንፃ ላይ የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ። ያ አርክቴክት ወንድማችን ከነዋሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ከሚታጠፍበት ሰፋ ያለ ቦታ ለኑሮ አመቻቹት። ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀቡት፣ አምፖል አስገቡ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘች አጭር አግዳሚ ሠሩ። ወጪው ከአንድ የቤተሰብ ድግስ አይበልጥም። እማማ ከገበያ ሲመለሱ እዚያ ያርፋሉ። የሚወጣውም የሚወርደውም ያገኛቸዋል። ባለፈው ስጠይቃቸው፣ «አሁንማ ሸኽ፣ አንድ ቀን ከቀረሁ በር ሊሰብሩብኝ ነው» ብለው ሳቁ።

አንዲት አግዳሚ ናት። ግን አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ሌላው ቆሞ፣ ሰላምታው እንዲረዝም አደረገች።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን የብርሃንና የሰላም፣ ጎረቤቶቻችንን የመልካም፣ መስጂዶቻችንን የመሰብሰቢያ ያድርግልን። አሚን። እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን፣ ወስ-ሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።